አንድ ኩላሊት ላለው ሰው፦ ከቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

ይህን የጻፍኩት ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኞቹ በጠጠር፣ በዕጢ፣ በኢንፌክሽን ወይም በአደጋ ምክንያት አንድ ኩላሊታቸው እንዲወጣ ቀጠሮ የተያዘላቸው ናቸው። ሁለተኞቹ ለቤተሰብ ኩላሊት የሰጡ ወይም ለመስጠት ያሰቡ። ሦስተኞቹ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሊታዩ ገብተው «ከተፈጥሮ አንድ ኩላሊት ብቻ ነው ያለህ» የተባሉ። እነዚህኞቹ ብርቅ አይደሉም። ከ1,000 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ያረጃሉ።

እንቅልፍ የሚነሳውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። በአንድ ኩላሊት ረጅም ዕድሜ መኖር ይቻላል። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በቦስተን ከተማ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ነው። ሮናልድ ሄሪክ የተባለ ወጣት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ አንድ ኩላሊቱን ሰጠ። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ተጨመረለት። ሰጪው ሮናልድ ደግሞ በቀረችው አንዷ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ አረፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ቆስለው አንድ ኩላሊታቸው የወጣ የአሜሪካ ወታደሮችም ለ45 ዓመት ያህል ተከትለው ታይተዋል። ከእኩዮቻቸው ቀድመው አልሞቱም።

ይሄ ማለት ግን «ምንም የለም፣ እርሱት» ማለት አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ኩላሊት ከሰጡ 10,000 ሰዎች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው 90ዎቹ የኩላሊት ድካም ሊደርስባቸው እንደሚችል ገምቷል። እንደ እነሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት ውስጥ ይህ ቁጥር 14 ነው። ሳይመረጥ ከተወሰደው አጠቃላይ ሕዝብ ውስጥ ደግሞ 326። ስለዚህ አደጋው ትንሽ ነው፤ ግን አለ።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ የቀረችው ኩላሊት የምትጎዳው ብቻዋን ስለሆነች ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳት፣ ብቻዋን መሆኗን የማያውቅ ሰው የሚሰጠው መድኃኒትና ማንም ሳይለካው የቆየ የደም ግፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ 1፦ ኩላሊትዎን በቁጥር ይወቁ

«ኩላሊቴ ደህና ነው ተብያለሁ» በቂ አይደለም። አራት ነገር ይዘው ከሐኪም ክፍል ይውጡ፦ የክሬቲኒን ውጤት (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው)፣ ኩላሊቶች በደቂቃ የሚያጣሩት መጠን ማለትም ኢጂኤፍአር፣ በሽንት ውስጥ ያለ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ እና የደም ግፊት።

ክሬቲኒን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ላብራቶሪው ወረቀት ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «መደበኛ» የሚለው ክልል አለ። ውጤትዎ 1.1 ሆኖ ክልሉ ውስጥ ከገባ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ግን ይህችው 1.1 ለ25 ዓመት ወንድ ስትሆንና ለ70 ዓመት እናት ስትሆን አንድ አይደለችም። በተለመደው ቀመር ሲሰላ ወጣቱ በደቂቃ 95 ሚሊ ሊትር ገደማ ያጣራል። እናትየዋ ግን 54 ገደማ። እሷ ላይ ብዙ መድኃኒት መጠኑ መታየት አለበት፤ ወረቀቱ ግን «መደበኛ» ነው የሚለው። ስለዚህ ሐኪሙን «ማጣሪያው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዕድሜና ጾታ ካለ በስልክም ይሰላል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሽንት አልቡሚን ከክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ ሲለካ በግራም ከ30 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። አካባቢዎ ያለው ላብራቶሪ ይህን የማይሠራ ከሆነ በወረቀት የሚታየው ተራ የሽንት ምርመራም ይጠቅማል። ፕሮቲን «ፕላስ» ካለ ሌላ ቀን ይደገም። ሲደጋገም ፕላስ ከሆነ የኩላሊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ክሬቲኒን ከመናገሩ ብዙ ዓመት በፊት ሽንት ይናገራል።

አንዱ ኩላሊት ከወጣ በኋላ የቀረው መጠኑ ይጨምራል፣ ሥራውንም ያበዛል። ግን ሁለት ኩላሊት አይሆንም። ጤነኛ ሰጪዎች ላይ የሚታየው፣ ከወራት በኋላ ማጣሪያው ድሮ በሁለቱ ከነበረው 70 በመቶ ገደማ ላይ ሲረጋ ነው። 100 የነበረው ሰው 70 ቢመጣ የሚጠበቅ ነው፤ አይደንግጡ። ያንን የረጋ ቁጥር ግን ይጻፉት። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ የሚያወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።

ልጃቸው በአንድ ኩላሊት የተወለደባቸው ወላጆች ሁለት ነገር ይጨምሩ። ሽንት ወደ ኋላ ወደ ኩላሊት ይመለስ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ማኅፀንም አብሮ ይታይ፤ ሁለቱ በፅንስ ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ አንዱ ሲጎድል ሌላውም አንዳንዴ የተለየ ቅርጽ ይይዛል።

ደረጃ 2፦ ቀጠሮው ሳይደርስ የሚጠየቁ

«ሌላኛው ኩላሊት ለብቻው ስንት በመቶ ይሠራል?» ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አልትራሳውንድ ቅርጹን ያሳያል እንጂ ሥራውን አያሳይም። ሥራቸውን ለየብቻ የሚለካው በጥቂት ጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚነሣው የኩላሊት ስካን ነው። በሁሉም ከተማ አይገኝም። በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ከሲቲ ስካንና ከደም ውጤት ይገምታሉ። ግምት መሆኑን ግን እርስዎ ማወቅ አለብዎት።

ሁለተኛው፦ «የግድ ሙሉው መውጣት አለበት ወይ?» በጠጠር ተዘግቶ ያበጠ ኩላሊት አንዳንዴ ሽንቱ በቱቦ ሲፈስለት ለሳምንታት ተጠብቆ ይታያል፤ የሚያገግም አለ። ትንሽ ዕጢ ከሆነ ደግሞ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል። በሌላ በኩል መግል የቋጠረና ከጠቅላላው ሥራ 10 በመቶ እንኳ የማይሠራ ኩላሊትን ይዞ መቆየት ጥቅሙ አይታየኝም፤ ኢንፌክሽኑና ግፊቱ ጤነኛውንም ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው፦ «በስንጥቅ ነው ወይስ በካሜራ?» በካሜራ ሲሆን ሦስት አራት ትንንሽ ቀዳዳ ነው፤ ሕመሙ ያንሳል፣ በሁለት ሦስት ቀን ቤት ይገባሉ። በስንጥቅ ሲሆን ጎን ላይ ከጎድን አጥንት ሥር ረዘም ያለ ቁስል ነው፤ ከአራት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ያስተኛል። የኩላሊቱ አወጣጥ የሚወሰነው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በበሽታውም ነው። ለዓመታት የተቆጣ ኩላሊት ከአካባቢው ጋር ይጣበቃል። እንዲህ ሲሆን ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም በስንጥቅ ቢሠራው እመርጣለሁ።

ከዚያ ዝግጅቱ ይመጣል። ሲጋራ ዛሬውኑ ይቁም፤ ሳንባ ከሰመመን በኋላ የሚቸገረው በእሱ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መቼ እንደሚያቆሙ ከሐኪሙ በጽሑፍ ይውሰዱ። የግፊት መድኃኒት ውስጥ እንደ ኤናላፕሪል ያሉት በቀዶው ጠዋት ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ፤ ሌሎቹ ግን በትንሽ ውኃ ይዋጣሉ። በራስዎ አይወስኑ፣ ይጠይቁ። ለወገብ ሕመም እያሉ የሚወስዱት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ካለ ያቁሙ። ደም ያስፈልግ እንደሆነና ማን እንደሚለግስ ቀድመው ይወቁ፤ ዋዜማው ላይ ዘመድ ፍለጋ መሯሯጥ ለማንም አይበጅም።

ኩላሊት ሰጪ ከሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል፤ የሚሰጠውም ዘመድ ነው። ምርመራው ረጅም ነው፤ ስኳር፣ ግፊት፣ ሽንት፣ የደም ሥር ሁሉ ይታያል። «አትችልም» ቢባሉ ለወንድምዎ እንደጨከኑ አይቁጠሩት። ያ ምርመራ የተሠራው እርስዎን ለመጠበቅ ነው። ቤተሰብ ጫና ካሳደረብዎት ደግሞ ለሐኪሙ ለብቻ ይንገሩ፤ እምቢ የማለት መብት እስከ ቀዶ ክፍሉ በር ድረስ የእርስዎ ነው።

ደረጃ 3፦ የቀዶው ጠዋት

ጠጣር ምግብ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ከሁለት ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ መመሪያ ከሰጠዎት የእሱን ይከተሉ።

አሁን የምናገረውን በጣም አደራ እላለሁ። ገና ነቅተው ሳሉ፣ ሰመመን ሳይሰጥዎት፣ ቀዶ ሐኪሙ በሚወጣው ጎን ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። እርስዎም በእጅዎ እየነኩ «የሚወጣው ይሄኛው፣ የግራው ነው» ብለው በአፍዎ ይናገሩ። ሲቲ ስካኑ ክፍሉ ውስጥ መገኘቱንም ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ ይህንኑ ያዛል፦ ማንነት፣ ቦታ፣ የሚደረገው ቀዶ፣ ፈቃድ። ማፈር አያስፈልግም። ሌላ ቀዶ ላይ የተሳሳተ ጎን ይታረም ይሆናል፤ እዚህ ላይ አይታረምም። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ደረጃ 4፦ ሆስፒታል ውስጥ

ሲነቁ የሽንት ቱቦ ይኖራል፤ አንዳንዴ ከጎን ፈሳሽ የሚያወጣ ሌላ ቀጭን ቱቦም አለ። በካሜራ ከተሠራ ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ይሰማል። ልብ አይደለም፤ ሆድን ለመንፋት የገባው ጋዝ ዲያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይወጣል። በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።

አስታማሚው ሥራ አለው። የሽንት ከረጢቱ ላይ ያሉትን መስመሮች እያየ በየሰዓቱ ስንት እንደመጣ ይጻፍ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መሽናት አለበት። ሁለት ሰዓት ተከታትሎ ከዚያ ካነሰ ነርሷ ትጠራ። መጀመሪያ ቱቦው ተጣጥፎ ወይም በሽተኛው ተኝቶበት እንደሆነ ይታያል።

በማግስቱ ከአልጋ ይነሣሉ። ያማል፤ ቢሆንም ይነሡ። እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መራመድ ነው። ለመሳል ሲፈልጉ ትራስ ቁስሉ ላይ አቅፈው ጫን ይበሉና ይሳሉ። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ፤ የጎን ቁስል ያለው ሰው ስለሚያመው ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ያኔ ሳንባ ምች ይገባል።

ለሕመም ፓራሲታሞል መሠረቱ ነው፤ ካልበቃ ጠንከር ያለ ይጨመራል። በመርፌ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የአስታማሚ መብት ነው። ዳይክሎፌናክ ከሆነ «አንድ ኩላሊት ነው ያለው» ብለው ያስታውሱ። ፈረቃ ሲቀየር ወሬ ይጠፋል።

የክሬቲኒን ውጤት ከቀዶው በኋላ ከፍ ይላል። 0.8 የነበረው 1.2 ቢሆን አንዱ ኩላሊት በመውጣቱ የመጣ ነው። ከቀን ወደ ቀን መጨመሩን ከቀጠለ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ከመውጣትዎ በፊት ወረቀት ይቀበሉ። የቀዶው ማጠቃለያ፣ የተወሰደው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) መላኩንና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ የመውጫ ክሬቲኒን። የፓቶሎጂው ውጤት የትም ሳይነበብ እንዳይቀር ቀኑን ይያዙ፤ በጠጠር ተጎዳ በተባለ ኩላሊት ውስጥ ዕጢ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 5፦ ቤት፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሡ። አምስት ኪሎ ማለት ትንሽ ነው። የሃያ ሊትሩ ጄሪካን የተከለከለ ነው፤ ሕፃን ልጅም ማንሣት እንዲሁ። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር ይቆይ። ቁስሉ ከላይ በሁለት ሳምንት ይድናል፤ የተቆረጠው የጎን ጡንቻ ግን ገና ነው። በስንጥቅ የተሠራ ሰው አንዳንዴ ጎኑ አበጥ ብሎ ይቀራል፣ ቆዳው ይደነዝዛል። ነርቭ ስለተነካ ነው፤ ቀስ በቀስ ይሻላል። እያደገ የሚሄድ እብጠት ከሆነ ግን ይታይ።

ጠያቂ ይመጣል፤ «ደም ይተካ» እያለ ሥጋ ያበላል። ለቁስል ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ በመጠኑ ይብሉ። የሚከብደው ጨው የበዛበት ጥብስና ዱለት በየቀኑ ሲሆን ነው። የሕመም መድኃኒት ሆድ ያደርቃል። ውኃ፣ ተልባ፣ ጎመንና መራመድ ይረዳሉ፤ በድርቀት ማማጥ ለስፌቱ ጥሩ አይደለም።

ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ትውከት ውኃ ካላስቀረ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ደረጃ 6፦ «ኩላሊቴ አንድ ነው» ማለትን ልማድ ማድረግ

ከሁሉም ደረጃ ይሄኛውን ነው የማጠብቀው፤ አደጋው በየቀኑ ስላለ። ወገቡን ያመመው ሰው ፋርማሲ ይገባል። «የሚያስታግስ ነገር ስጠኝ» ይላል። ፋርማሲስቱ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይሰጠዋል። ጥፋት የለበትም፤ ፊቱ ላይ አልተጻፈም። ጥርስ ያስነቀለ፣ ቁርጥማት የያዘው፣ የወር አበባ ሕመም ያለባት ሁሉ የሚሰጠው ያው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ሁለት ኩላሊት ያለው ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ይችለዋል። ሰውነቱ ውኃ ያነሰው፣ ዕድሜው የገፋ፣ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ግን በዚያው ሳምንት ሊወድቅ ይችላል።

አንድ ውሕደት በተለይ ይሸሹ። ብዙ የግፊት ሕመምተኛ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብሮ ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ችግር የለባቸውም። ሦስተኛ ሆኖ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ግን ኩላሊቱ በሦስት አቅጣጫ ይጨነቃል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዝዎትም እነዚህን የግፊት ክኒኖች ለአንድ ሁለት ቀን ማቆም እንደሚገባ ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። የዚያን ዕለት ኦአርኤስ በጥብጠው ይጠጡ።

ክሊኒክ ገብተው ለኢንፌክሽን መርፌ ሲታዘዝ ስሙን ይጠይቁ። ጄንታማይሲን ከሆነ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነ ይነጋገሩ። የግድ ከሆነ መጠኑ በማጣሪያዎ ልክ ይታዘዛል፣ ክሬቲኒንም እየተለካ ይሰጣል።

ሥራ ሥርና ቅጠል ላይ ደግሞ ግልጽ ልሁን። «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር አይጠጡ። ያለው ቅጠል ምን እንደሆነ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በሌሎች አገሮች ኩላሊትን ለዘለቄታው ያጠፉ ዕፅዋት በስም ይታወቃሉ። ጠጠር ለማውጣት ቢራ ጠጡ የሚለውም ምክር ይቅር። ውኃ የሚሠራውን ሥራ ውኃ ይሥራው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትንሽ ካርድ ይጻፉ፦ «አንድ ኩላሊት ብቻ አለኝ፤ ግራው ወጥቷል»፣ ዓመቱ፣ የመጨረሻ ክሬቲኒንና ማጣሪያ፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች። ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት፤ ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። በአረብ አገር የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች በዐረብኛም ያስጽፉት። እዚያ ሙቀቱ ራሱ አንድ ጠላት ነው። ከቤት ውጭ ሥራ ያለው ሰው ውኃ ሳይጠማው ይጠጣ፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በበጋው ወራት የቀትር ሰዓት የውጭ ሥራ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ይወቅ።

ደረጃ 7፦ ሌላ ቀዶ ሲያጋጥም

ሐሞት ጠጠር፣ እንቅርት፣ ፕሮስቴት፣ በቀዶ መውለድ፣ ሁሉም ይቻላል። አንድ ኩላሊት መኖሩ ብቻውን ቀዶ አይከለክልም። ለሰመመን ባለሙያው ግን በራስዎ አፍ ይንገሩ፤ ካርድ ላይ ተጽፏል ብለው አይተዉ። እሱ በዚህ መሠረት ግፊትዎ ብዙ ሰዓት ወርዶ እንዳይቆይ ይጠብቃል፣ ፈሳሹን ይመጥናል፣ የሕመም ማስታገሻውን ይመርጣል። ጠዋት ሊሠራ የነበረ ቀዶ ወደ ከሰዓት ከተሸጋገረ ደረቅ ሆነው አይዋሉ፤ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠኝ ብለው ይጠይቁ።

ሲቲ ስካን በደም ሥር ከሚገባው ማቅለሚያ ጋር ሲታዘዝ መጀመሪያ ክሬቲኒን ይታይ። ማጣሪያው ከ30 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በፈሳሽ ዝግጅት ይሠራል። ሕይወት የሚያድን ምርመራ በዚህ ምክንያት ብቻ አይቅር፤ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈበት ጊዜ አለ። ለአንጀት ምርመራ ሆድ የሚያጥበው መድኃኒት ውስጥ ፎስፌት ያለበትን ግን አይውሰዱ፣ ሌላ ይለወጥልዎ።

ቀዶው በዚያችው አንድ ኩላሊት ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዕጢ ከሆነ ዕጢው ብቻ ይቆረጣል፤ ለዚያ ሲባል ደሟ ለጥቂት ጊዜ ይታሠራል። ያ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ እንዳያልፍ ሐኪሞች ይጣደፋሉ፤ በበረዶ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ይታገሣል። እንዲህ ያለው ሥራ የኩላሊት እጥበትና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት ሆስፒታል ብቻ ይሠራ። ለሳምንታት እጥበት ሊያስፈልግ እንደሚችልም አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው።

ደረጃ 8፦ በየዓመቱ

ከቀዶው በኋላ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያ በየዓመቱ፦ ግፊት፣ ክሬቲኒን፣ የሽንት አልቡሚን፣ ስኳር። ይኸው ነው። በዕጢ ምክንያት የወጣላቸው ከዚህ ሌላ የሳንባና የሆድ ምስል ክትትል አላቸው፤ ጊዜውን ቀዶ ሐኪሙ ያወጣል። ለማስታወስ እንዲቀል ከአንድ በዓል ጋር ያያይዙት፤ ለምሳሌ እንቁጣጣሽ ባለፈ ሳምንት። ውጤቱን በአንድ ደብተር በተራ ይጻፉት። ሐኪም ከአንድ ውጤት ይልቅ የአምስት ዓመት መስመር ቢያይ ይመርጣል።

ግፊት ከ130 በ80 በታች ይሁን። ግፊቱን የሚያወርደው መጀመሪያ ጨው መቀነስ ነው። በቀን አምስት ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። በእኛ ቤት ጨው ሦስት ጊዜ ይገባል። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቷል፣ ከዚያ ወጡ ሲወርድ እንደገና። ዘንድሮ በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ ያለ ጨው ያስፈጩ። አንድ ውሳኔ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ቡና በጨው በሚጠጣበት አካባቢ ያሉ ደግሞ ያንን ይተዉት።

ከዚህ ውጭ ልዩ ምግብ የለም። «ቲማቲም አትብላ፣ ሙዝ አትብላ» የሚባለው ፖታሲየሙ ከፍ ላለ ሕመምተኛ ነው። ማጣሪያዎ ጥሩ ከሆነ ያለ ላብራቶሪ ማስረጃ ምግብ አይከልክሉ። ሥጋ በመጠኑ፤ የጂም የፕሮቲን ዱቄት ይቅር። ውኃ ሽንቱ ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን፤ በግድ አምስት ሊትር መጠጣት ጥቅም የለውም።

የዐቢይ ጾም ምግብ ለኩላሊት ተስማሚ ነው፤ ሽሮው ጨው ካልበዛበት። አሳሳቢው ውኃ ሳይጠጡ የሚዋልበት ሰዓት ነው፣ በጾምም በረመዳንም። ማጣሪያው ጥሩ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ከ60 በታች ከሆነ፣ ጠጠር ካለበት ወይም ቀዶው ቅርብ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ያማክር።

እርግዝና ይቻላል። በካናዳ የተደረገ ጥናት፣ ኩላሊት ከሰጡ እናቶች 11 በመቶዎቹ በእርግዝና የደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ (ከግፊቱ ጋር ኩላሊትንና ሌላ አካልን የሚጎዳ የእርግዝና ሕመም) እንደያዛቸው፣ ካልሰጡት ግን 5 በመቶዎቹን ብቻ እንደያዛቸው አሳይቷል። ስለዚህ ከቀዶው በኋላ ዓመት ያህል ይቆዩ፣ ለእርግዝና ክትትል ክፍሉ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ፣ ግፊትና ሽንት በየቀጠሮው ይታይ። በመጨረሻዎቹ ወራት ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ቢመጣ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ልጆች ኳስ ይጫወቱ። ኩላሊት በእግር ኳስ የሚጎዳበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው፤ ከብስክሌትና ከመኪና አደጋ የሚመጣው ይበልጣል። ቦክስና መሰል ምት ያለበት ስፖርት ላይ ሐኪሙ ይጠየቅ። ልጅን ከሜዳ አስቀርቶ ማወፈር ግን ኩላሊቱን ከኳስ በላይ ይጎዳል።

ድንገተኛው

ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው ጠጠር አንዱን ቢዘጋበት ያመዋል እንጂ ሽንቱ አይቆምም። እርስዎ ላይ ግን ሽንት ሙሉ በሙሉ ሊቆም ይችላል። ጎን ላይ ኃይለኛ ሕመም መጥቶ ለስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ካልወጣ፣ ትኩሳት ቢኖርም ባይኖርም፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። የሕመም መርፌ ተወግቶ ወደ ቤት መመለስ የለም። መጀመሪያ አልትራሳውንድ፣ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይሠራ። ከተዘጋ በዚያው ሌሊት ሽንቱ በቱቦ መፍሰስ አለበት፤ ጠጠሩን ማውጣቱ በኋላ ይደርሳል። የሄዱበት ሆስፒታል ይህን መሥራት የማይችል ከሆነ ወደሚችልበት የሪፈር ወረቀት ወዲያው እንዲጻፍ ይጠይቁ፣ አምቡላንሱም ሳይነጋ ይነሣ።